የመርከብ ላይ ስለት

ሃምቡርግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ እናቴ ከሞተች ወዲህ እናትም አክስትም ሆነው ላሳደጉኝ ለእትዬ ጥሩነሽ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? ተከራዮችዎ ተማሪዎቹስ ቆሻሻ መድፋት ለመዱ? እኛ ተመስገን ነው፤ ባለቤቴ ደመላሽም ልጃችን ሕሊናም ደህና ናቸው፣ እጅ ይነሳሉ። እርስዎ “ስልክ ላይ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም” ስላሉኝ በደብዳቤ መጣሁ። ጓደኛዬ ፋጢማ ደምበጫ ላሉት ቤተሰቦቿ ዕቃ ስትልክ በዚያው ታደርስልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕሊና በነሐሴ ከእርስዎ ጋር ስለሄድንበት የመርከብ ጉዞ አልበም እያዘጋጀች ነው። እያንዳንዳችን በጣም የወደድነውን ትዝታ ጽፈን እንድንሰጣት አዝዛናለች። ደመላሽ “ማታ አንድ አገር ተኝቶ ጠዋት ሌላ አገር መንቃት” ብሎ ጻፈ። የደጀን ልጅ አይደል፣ ለአንድ ቁልቁለትና ለአንድ አቀበት ግማሽ ቀን ሲፈጅ ያደገ ሰው ነውና ሳይወጡ ሳይወርዱ አገር መቀያየሩ እስካሁን ይገርመዋል። ፋጢማ ከእርስዎ ጋር የበላችውን ምሳ መረጠች። እርስዎ በፍልሰታ ጾም፣ እሷ በሃይማኖቷ፣ ያን ሁሉ የሥጋ ዓይነት አልፋችሁ ሁለታችሁ ብቻ ሐብሐብና ዳቦ ይዛችሁ ስትቀመጡ አስተናጋጁ ታማሚ መስላችሁት ሾርባ ያመጣላችሁን ቀን።

የሕሊና የእርስዎ የጠዋት ጸሎት ነው። “አያቴ ወደ ምሥራቅ ቆማ ስትጸልይ መርከቡ ይዞራል። እኔ በስልኬ ምሥራቅን እያየሁ ትከሻዋን ይዤ አዞራት ነበር። እሷ ጸሎቱን አታቋርጥም” ብላለች። በጀርመንኛ ነው የጻፈችው፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የእኔ ናፖሊ ስንገባ ከላይኛው ወለል ላይ ሆነን ያየናት ጀንበር ናት። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ፣ ደመላሽ ለመጪው ክረምት የግሪክን ደሴቶች የምትዞር መርከብ አይቷል። ቦታው ከየካቲት በፊት ቢያዝ ይሻላል። ያለ እርስዎ አንሄድም፣ ስለዚህ እሺታዎን ይላኩልኝ። ምን እንደምልክልዎም ይጻፉልኝ።

ጸሎትዎ ከእኛ አይራቅ።

ልጅዎ ወንጌላዊት


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንጌላዊት። ባለሽበት ሁሉ እመቤቴ ጽዮን ጥላ ትሁንሽ።

ከነባልሽ ከነልጅሽ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ጉልበቴ ቁልቁለት ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ደህና ነኝ። ተማሪዎቹ ቆሻሻ መድፋት አልለመዱም፤ ተምረው ሲጨርሱ ይለምዱ ይሆናል። ደብዳቤሽን የፋጢማ ወንድም አብዱልዋሂድ ለንግድ ሲመጣ አደረሰልኝ። ሰርግ ነበረብን ብሎ ሁለት ሳምንት ይዞት ቆይቷል፤ ደብዳቤሽም ሰርግ በልቶ ነው የመጣ።

ትዝታሽን ጻፊ ካልሽኝ የቱን ጽፌ የቱን እተዋለሁ? እዚህ ያችን መርከብ ያልሰማ ሰው የለም። በማርያም ማኅበራችን ጠበል ጠዲቁ ሳይነሳ “እስኪ ጥሩነሽ፣ ያችን መርከብ” ይሉኛል። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞኝ ብቀር ጎረቤቴ የብርጓል በእኔ ቦታ አወራቻት አሉ፤ ያውም እኔ ያላየሁትን ጨምራ። ሰው ባሕር ላይ ተቀምጦ እንደገና ኩሬ ሠርቶ ይዋኛል ስላቸው አያምኑም። የነፍስ አባቴ መምሬ አምደሚካኤል እንኳ “ባሕሩ አንሷቸው ነው?” ብለውኛል። በጾም መርከብ ልወጣ ነው ብዬ ሳማክራቸው “ጾሙም አብሮሽ ይሳፈራል” ብለው የፈቀዱልኝ እሳቸው ስለሆኑ፣ ወሬውን ሲሰሙ የራሳቸው ጉዞ ያህል ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ እኔው ያን ያህል መውደዴ ነው። ስነሣ “እሷን ደስ ይበላት” ብዬ ነበር የሄድሁ። በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት እናንተ ሳትነሡ ወጥቼ የመርከቡን ዳር የከበበውን ብረት ተደግፌ ውኃውን ሳይ ሌላ ሰው ሆንሁ። የምሰበስበው ኪራይ የለ፣ የምደርሰው ለቅሶ የለ፣ “እትዬ ውኃ ጠፋ” የሚለኝ ተማሪ የለ። በዕድሜዬ ከእኔ ምንም የማይፈለግበት ጠዋት ያየሁት እዚያ ነው። አሁንም ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ብረት ነው፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጨው ጨው ይል ነበር።

ለእኔ የሚላክ ነገር አልፈልግም። ለየብርጓል ግን የማንበቢያ መነጽር ብትልኪላት ጽድቅ ነው፤ ዳዊቷን ከእጇ ርዝመት በላይ አርቃ መያዝ ጀምራለች። ለእኔም ካልሽ ጉልበት የማይጎዳ ጫማ ይሁን። ስለ መጪው ክረምት የጻፍሽውን አይቻለሁ። እስኪ ክረምቱ ይምጣ።

ባልሽን ሳሚልኝ፤ ልጅቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ።

አክስትሽ ጥሩነሽ


ሃምቡርግ፣ ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ጥሩነሽ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። መነጽሩንና ጫማውን ፋጢማ ልካለች። ጫማው ከጠበበ ይመለሳል፣ ዝም ብለው እንዳያደርጉት።

“እስኪ ክረምቱ ይምጣ” ማለት በእርስዎ አፍ “አይሆንም” ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ልጅ ሆኜ አዲስ ቀሚስ ስጠይቅዎ “እስኪ ፋሲካ ይምጣ” ይሉኝ ነበር፣ ፋሲካው ይመጣና ቀሚሱ ይቀራል። አሁን ግን የሚቀረው ቀሚስ ስላልሆነ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

እኔ የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው፤ ከማርሴይ ወደ ባርሴሎና የሄድንባትን ቀን። ሁላችንም ስናስመልስ ዋልን፣ እርስዎ ብቻ በእግርዎ ቆመው እኛን ሲያስታምሙ ዋሉ። ላሳርፍዎ ወስጄ አስታማሚ አደረግኩዎ። ከዚያች ቀን ወዲህ ፊትዎ ትንሽ ተለውጦ እንደነበር ልብ ብያለሁ፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከወትሮው ዝም ያሉ ነበሩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳፍርበት ኖሬአለሁ። ሕሊናም ያችን ቀን ከአልበሙ እንድታወጣ ነግሬያት አውጥታታለች፣ አንድም ፎቶ የለም።

የግሪኩ ባሕር ረጋ ያለ ነው ይላሉ። እንደዚያ ያለ ቀን እንዳይደገም ክፍላችንን ከመርከቡ መሐል አደርገዋለሁ፤ መሐሉ ብዙ አይናወጥም አሉኝ። እባክዎ የካቲት ሳይገባ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ ወንጌላዊት


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንጌላዊት። እንኳን ለዐቢይ ጾም በጤና አደረሰሽ።

ዘገየሁብሽ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁት። መነጽሩ ደርሷል፤ የብርጓል ግን ዳዊቱን ትታ የሰው ፊት ነው የምታነብበት። ጫማውም ልኬ ነው።

ያችን ቀን ለምን አወጣችኋት? መልሷት። ከዚያች ቀን አንድ ፎቶ ተርፎ ከሆነ ደግሞ ላኪልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ወደ ግሪክ ያለ እኔ ሂዱ። አልታመምሁም፣ አልተቀየምሁም። ይህን ብቻ ያዢና አትጨቅጭቂኝ።

አክስትሽ ጥሩነሽ


ሃምቡርግ፣ መጋቢት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩነሽ።

አልጨቀጭቅዎም፣ ግን አልተኛሁም። ፎቶ ሲጠይቁኝ ደነገጥኩ። በእኛ አገር በዕድሜ የገፋ ሰው ፎቶ የሚያዘጋጀው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ታመው ከሆነ ይንገሩኝ። ያስቀየምኩዎ ነገር ካለም ይንገሩኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ምኑን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ፋጢማ “ተያት፣ ሲመቻት ትነግርሻለች” ትለኛለች። መተው ግን አልቻልኩም።

ፎቶውን ፈልጌ ሕሊና ስልክ ውስጥ አንድ አገኘሁ፣ ሳይብስባት በፊት ተኝታ ያነሳችው ነው። እኔ ራሴን ጭንዎ ላይ ጥያለሁ፣ ፊቴ እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኗል። እርስዎ ግን እኔን አያዩም፤ ወደ መስኮቱ ነው የሚያዩት፣ አፍዎም ተከፍቷል። ለአንድ ሰው የሚናገሩ ይመስላሉ። አሳጥቤ ልኬልዎታለሁ።

ደመላሽ የግሪኩን ቦታ ለአምስታችንም ይዞታል፤ አንዱ በስምዎ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ መሰረዝ ይቻላል፣ እኔ ግን አልሰርዘውም። ደብዳቤው እንዳይዘገይ አብዱልዋሂድ የጻፉትን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ልጅዎ ወንጌላዊት


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንጌላዊት። እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ጌታ የተነሣበት ሰሞን ነውና ሐዘን አልጽፍልሽም። ጤነኛ ነኝ፤ በፋሲካው የዶሮውን ሁለቱንም እግር ብቻዬን ጨርሻለሁ።

ፎቶው ደረሰኝ። አፌ የተከፈተ እየተናገርሁ ስለነበር ነው። ለማን እንደነበር ልንገርሽ።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ወለሉ ከእግራችን ሥር ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር መጀመሪያ የወደቀው ባልሽ ነው። “እኔ የዓባይ በረሃ ልጅ ነኝ፣ ጠመዝማዛ አይነካኝም” ሲለን የሰነበተ ሰው መታጠቢያ ቤቱን አቅፎ ቀረ። ቀጥላ ፋጢማ፣ ከዚያ ልጅቱ፣ ከዚያ አንቺ። እኔ ጿሚ ነበርሁ፣ ሆዴ ቀሎ ስለነበር ነው መሰለኝ ምንም አልሆንሁ። ሁላችሁንም አንድ ክፍል ሰብስቤ ፎጣ እያራስሁ ግንባራችሁ ላይ ሳደርግ አንቺ ራስሽን ጭኔ ላይ ጣልሽና “ሞትሁ” አልሽ። ልጅ ሳለሽ ኩፍኝ ወጥቶብሽ እንዲሁ ነበር ያልሽኝ።

ባሕር ያናወጠው ሰው እንደማይሞት አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ባሕሩን አላውቀው፣ ቋንቋውን አላውቀው፣ ሐኪም በምን ብዬ ልጥራ? የማውቀውን ጠራሁ። “የዲማው ጊዮርጊስ፣ ልጆቼን በደህና መሬት ካስረገጥህልኝ” አልሁና ቆምሁ። ምን እንደምሳል ጠፋኝ። ጥላ እንዳልሳል ጥላውን የምገዛው አንቺ በምትልኪልኝ ነው። ምንጣፉም ሻማውም ያው ነው። ቤቱን ያሠራሽው አንቺ፣ የለበስሁት ነጠላ እንኳ ከአንቺ። ያንቺን ስለ አንቺ ብሳል ምኑ ስለት ይሆናል? የራሴ የሆነ ነገር ፈለግሁ። ያገኘሁት ያችን ብረት ተደግፌ ውኃውን የማይባትን ጠዋት ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ከእሷ የበለጠ የምወደው ነገር አልነበረኝም። ሁለተኛ መርከብ ላልወጣ ተሳልሁ።

ቃሉን ከመጨረሴ በሩ ተንኳኳ። አልጋ የሚያነጥፈው ልጅ ነው። ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን ሠርቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ገባ። እናንተን አየና በእጁ “ነገ ይድናሉ” የሚመስል ምልክት ሰጠኝ፣ ዝሆኑን አልጋው ላይ አስቀምጦ ሄደ። በክፍቱ በር ወደ መተላለፊያው ባይ ሰዉ ግድግዳ ይዞ እየተንገዳገደ ይሳሳቃል፣ ከታች ሙዚቃ ይሰማል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ሊያልቅ ባለበት መርከብ ማን ተቀምጦ ዝሆን ይሠራል? ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግሥቱ ባሕሩ ተኛ። ወጥቼ ብረቱን ተደገፍሁና አለቀስሁ። አንቺ ነፋስ መስሎሽ ሻርፕ አመጣሽልኝ።

ስለዚህ አላስቀየምሽኝም። ያችንም ቀን አታውጪብኝ፤ ትዝታሽን ጻፊ ካልሽኝ ያችን ነው የምጽፍ። ከአገር ከወጣሽ ወዲህ አንቺ ሰጪ እኔ ተቀባይ ሆነን ኖርን። ያን ቀን ግን እንደገና ልጄ ሆንሽ፣ እኔም የምረዳሽ ሰው ሆንሁ። አጠገቤ ስትቃትቺ ደስ ብሎኝ ነበር ብልሽ ትታዘቢኝ ይሆናል።

አክስትሽ ጥሩነሽ


ሃምቡርግ፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩነሽ፤ ሰላምዎ ይብዛ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት፣ ማንበብ አልነበረብኝም። ስቄም አልቅሼም ጨረስኩት። ፋጢማ ስትሰማ “ታዲያ እኔን ሳታማክር ለምን ተሳለች፣ ዝሆኑን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ” ብላለች።

አሁን ይስሙኝ። ደመላሽ ለመርከቡ ድርጅት ደውሎ ነበር። ያ ማዕበል አይባልም፣ ተራ ነፋስ ነው፣ እዚያ አካባቢ ደጋግሞ ያጋጥማል አሉት። አደጋ አልነበረም። አደጋ ካልነበረ እርስዎ የተሳሉት በስሕተት ነው፣ በስሕተት የተሳሉት ስለት ደግሞ ሊያስርዎ አይገባም። መምሬ አምደሚካኤልን ይጠይቁልኝ፤ ምትክ አይጠፋለትም። ጥላ ከሆነ ለዲማ ጊዮርጊስ የማይገኝ ዓይነት ጥላ አሠራለሁ።

በዚህ ዕድሜዎ ያገኙትን አንድ ደስታ ስለ እኔ መስጠትዎን እያወቅኩ እንዴት እችለዋለሁ? አንድ ከሰዓት ሆዴን ስላመመኝ እኮ ነው። ቦታዎ እንደተያዘ ነው። እባክዎ።

ልጅዎ ወንጌላዊት


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንጌላዊት።

ማዕበል አልነበረም አሉሽ? እንግዲያው ጊዮርጊስ ቶሎ ሰምቶኛል።

መምሬን ገና መስከረም ላይ ጠይቄያቸዋለሁ። አጎንብሰው ሳቁና “በድንጋጤ የተሳልሽው ነው፤ ስግደት ሰጥቼሽ ልፈታሽ እችላለሁ” አሉኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እስከ ፋሲካ አሰብሁበት፤ ምክንያቱን ያልነገርሁሽም ለዚሁ ነው። መሄድ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽሽም። ያች ብረት በሕልሜ እየመጣች ብዙ ፈተነችኝ። አንድ ቀን ጫማውን አድርጌ እሳቸው ቤት በር ድረስ ሄጄ ነበር፣ ፍቱኝ ልላቸው። በሩ ላይ ቆሜ ሳስበው ግን ከእኔ እጅ ወጥቶ ለአንቺ የተሰጠ ነገር ያ ብቻ ነው። እሱንም መልሼ ከወሰድሁ ምን ሰጠኋት እላለሁ? ገብቼ አይፍቱኝ አልኋቸው። ባርከውኝ ጠላ አስቀዱልኝ።

ስለዚህ ጥላ አታሠሪ፣ ቦታዬንም ሰርዢ። ተሰጠ ማለት ተሰጠ ነው። ያልሰጠሁት ግን አንቺን ነው። ባሕሩን እንጂ አንቺን ለማንም አልተሳልሁም።

ከሄድሽ አሥራ አንድ ዓመት ሆነሽ። በየደብዳቤሽ ምን ልላክ ትዪኛለሽ፣ እኔም መነጽር እላለሁ፣ ጫማ እላለሁ፣ ፎቶ እላለሁ። የምፈልገውን አንድ ቀን ጽፌልሽ አላውቅም። ሥራሽን ፈራሁ፤ ላስቸግራት አይገባኝም አልሁ። እርጅና ሲመጣ ድፍረትም አብሮ ይመጣል መሰለኝ አሁን እጽፈዋለሁ። ምንም አትላኪልኝ። ነይ።

አክስትሽ ጥሩነሽ


ሃምቡርግ፣ ግንቦት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩነሽ።

የግሪኩን ቦታ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን አምስቱንም ሰርዘናል። ሐምሌ 18 አዲስ አበባ እንገባለን፣ በማግሥቱ በመኪና ወደ እናንተ እንነሳለን። ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው ብለው እንዳይመልሱኝ፤ ሕሊና ቦት ጫማ ገዝታ ቤት ውስጥ እየሄደችበት ነው። ፋጢማ አንድ ቀን እናንተ ዘንድ አድራ ወደ ደምበጫ ትቀጥላለች። ደመላሽ ዓባይ በረሃን ራሴ ካልነዳሁ ይላል፣ እኔ አልፈቀድኩም። ያችንም ቀን ሕሊና ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድማ የአልበሙ መጀመሪያ ላይ ለጥፋታለች። ቃልዎን ከሥሩ በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

“ሥራሽን ፈራሁ” ይሉኛል። እኔስ እዚህ ሆኜ ምን ሳስብ የኖርኩ ይመስልዎታል? ነይ ያላሉኝ የምልክላቸው ስለበቃቸው ነው እያልኩ ነበር። ሳይጠሩኝ መሄድ ከበደኝ፤ ስለዚህ ነው እርስዎን ወደ መርከብ የጠራሁዎ። ነይ እስኪሉኝ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅኩ።

ልጅዎ ወንጌላዊት